ታብሌት ይዞ ድሮን ማብረር፦ አቅጣጫ እንዳይጠፋብን

ሠርግ ቀራጭ ይሁን መሬት ለኪ፣ ዛሬ ከላይ የተነሣ ምስል የማይፈልግ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ወረዳ ያላችሁም ሆናችሁ በካምፕ የምትኖሩ ወጣቶች አንድ ቀን «ታብሌት ትችላለህ? ናና አግዘን» መባላችሁ አይቀርም። ታብሌት መነካካት ሁላችንም እንችላለን። ድሮኑ 300 ሜትር ርቆ ነጥብ ሲያህል፣ ስክሪኑ ፀሐይ መትቶት ሲጠቁር፣ ካርታው ባዶ ግራጫ ሆኖ ሲቀር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ «የት ነው ያለው? እኔስ ወዴት ነው የዞርኩት?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ታብሌቱ ድሮኑ ያለበትን ያሳያል፤ እናንተ የቆማችሁበትንና የዞራችሁበትን ግን ሳትነሡ በፊት ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ። የሚጠፋው ድሮን ብዙውን ጊዜ አብራሪው መሬት ላይ እያለ አቅጣጫ የጠፋበት ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ

ድሮን መጫወቻ ቢመስልም በሕግ ዓይን አውሮፕላን ነው፤ ካሜራ ሲይዝ ደግሞ የጸጥታ ጉዳይም ይሆናል። ስደተኛ ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት። ባለ ፓስፖርቱ ቱሪስት መሣሪያውን ተነጥቆ ይሸኛል፤ የስደተኛ ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው ግን ጣጣው ከመሣሪያ ያልፋል። ስለዚህ ቀጣሪያችሁን «ፈቃዱ በማን ስም ነው? ቀኑና ቦታው ተጽፏል? ቅጂው ይሰጠኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሐርጌሳ ፖሊስና የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የማያውቁት በረራ ላይ አትግቡ። «ችግር የለም፣ እኔ አውቃቸዋለሁ» የሚል ቀጣሪ ችግር ሲመጣ ስልኩን አያነሣም።

የቦታውን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። የኢጋል አየር ማረፊያ ከመሐል ሐርጌሳ ወደ ደቡብ፣ በቀጥታ መስመር 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብዙ አገሮች በአየር ማረፊያ ዙሪያ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ድሮን ማብረር ክልክል ወይም ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ይህን ልክ ይዛችሁ ካርታው ላይ ክብ ብትስሉ ብዙው የከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ውስጥ ይወድቃል።

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ዘመድ «ድሮን ላምጣልህ» ቢላችሁ ደግሞ አስቁሙት። ወደ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ድሮን ይዞ መግባት አይቻልም፤ ጉዳዩ የኢንሳ ነው፣ ቦሌ ላይም ይያዛል። ኬንያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ደንብ መሠረት ምዝገባና ፈቃድ ትጠይቃለች። ካኩማና ዳዳብ ያላችሁ ይህን አትርሱ።

ሌላም ነገር አለ፤ ድምፁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ከዚሁ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ይህችኑ ከተማ ደብድበዋል። መሐል ከተማ ሐውልት ላይ የተሰቀለው ሚግ የዚያ ማስታወሻ ነው። ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ በጅጅጋ በኩል ሐርተሼክ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ያ ካምፕ የተዘጋው በ2004 ነው። ዛሬ ያስጠጉን ሰዎች ትናንት በእኛ አገር ስደተኛ ነበሩ ማለት ነው፤ የሰማይ ድምፅ ለሽማግሌዎቻቸው ጨዋታ አይደለም። ለእኛም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ትግራይ ውስጥ ደደቢት በተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በደረሰ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 2023 ፍኖተ ሰላም ላይ በድሮን ተፈጽሟል በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ገልጿል። ከዚያ የሸሸች እናት የምትኖርበት ሰፈር ላይ ሳትነግሩ የሚጮህ ነገር አታስነሡ። ቤት ለቤት ዞራችሁ «ነገ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ትንሽ ድሮን እናበራለን፣ ፎቶ ለማንሣት ነው» ማለት ምንም አያስከፍልም። ፈቃድ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ይህን መዝለል ነውር ነው ባይ ነኝ።

ታብሌቱ

ትልቅ ስክሪን ደስ ይላል፤ ዓይን አያደክምም፣ ካርታውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ከመግዛታችሁ ወይም ከመዋሳችሁ በፊት የምታጣሩት ነገር አለ።

ሲም የማይገባባቸው፣ ዋይፋይ ብቻ ያላቸው አይፓዶች በውስጣቸው ጂፒኤስ የላቸውም። ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ጂፒኤስ የሌለው ታብሌት የእናንተን ቦታ የሚገምተው በአካባቢው ካለው ዋይፋይ ስለሆነ፣ ዋይፋይ በሌለበት ሜዳ ላይ ወይ ዝም ይላል ወይ ሌላ ሰፈር ያስቀምጣችኋል። ድሮኑ ግን የራሱ ጂፒኤስ አለው። ስለዚህ የተነሣበትን ቦታ ያስታውሳል፤ ወደዚያም መመለስ ይችላል። የሚበላሸው እናንተ ያላችሁበትን ቦታ የሚጠቀሙ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ «ተከተለኝ» የሚለው ወይም መመለሻውን ወደ ታብሌቱ ቦታ የሚያዛውረው ትእዛዝ። ዋይፋይ ብቻ ባለው ታብሌት እነዚህን አትንኩ።

ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ሲም ካርድም፣ የአየር ሰዓትም አይፈልግም። የሳተላይት ምልክት ነው። ኢንተርኔት የሚፈልገው የካርታው ሥዕል ነው። ሜዳ ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ ካርታው ግራጫ ይሆናል፤ ቀስቱ፣ ርቀቱና ከፍታው ግን አይጠፉም፤ እነሱ የሚመጡት በሪሞቱ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ግራጫ ስክሪን አይቶ የሚደነግጥ ሰው ይህን ስለማያውቅ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ማታ ቴሌሶም ወይም ሶምቴል ባለበት፣ የነገውን ቦታ በአፑ ካርታ ላይ ከፍታችሁ ቀረብ ራቅ እያደረጋችሁ እዩት፤ ሥዕሉ በታብሌቱ ውስጥ ይቀራል። በተጨማሪ ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉትን ነፃ የካርታ አፖች ጭናችሁ የአካባቢውን ካርታ አውርዱ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ከበረራ ውጭም መንገድ ለማግኘት ይጠቅሟችኋል።

ካርታ ላይ ስም ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ። ጋአን ሊባህ በሶማሊኛ «የአንበሳ እጅ» እንደማለት ነው፤ የሐርጌሳ ወረዳ ስም ብቻ ሳይሆን ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ርቆ በጎሊስ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ተራራም ስም ነው። ስሙን ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ውጤት ብትነኩ ተራራ ላይ ልትወጡ ትችላላችሁ። ሶማሊኛ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ «ሲ» የምንለው ፊደል እንደ ግእዙ «ዐ» ከጉሮሮ፣ «ኤክስ» የምንለው እንደ «ሐ» ይነበባል። አንዱ ካርታ በሶማሊኛው፣ ሌላው በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ስለሚያስቀምጠው ሁለቱንም ሞክሩ።

ሙቀትም አለ። አፕል አይፓድ የሚሠራበትን የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ብሎ ነው የወሰነው። ሐርጌሳ ደጋማ ስለሆነች አየሩ ይቻላል፤ በርበራ በበጋው ወራት አይቻልም። ግን የአየሩ ሙቀት ዝቅ ቢልም ጥቁር ስክሪን ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከዚያ የሙቀት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ይዘጋል፣ ድሮኑ አየር ላይ እያለ። ጥላ ውስጥ ቁሙ፤ ጥላ ከሌለ ከካርቶን ቆርጣችሁ ለስክሪኑ ከለላ ሥሩለት። ማግኔት ያለው የታብሌት ሽፋን ካለ አውልቁት፤ የታብሌቱን ኮምፓስ ያሳብደዋል። ስልክ እንዳይጠራ የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት።

ርካሽ የአንድሮይድ ታብሌት የምትገዙ ደግሞ የዲጄአይ አፕ ይሠራ እንደሆነ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፤ ብዙ አሮጌ ታብሌቶች አይቀበሉትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈትም ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ሜዳ ላይ ወጥቶ «አክቲቬት አድርግ» ከሚላችሁ ቤት ጨርሱት።

ሳትነሡ በፊት፦ ምሥራቁ የት ነው?

ሐርጌሳ አቅጣጫ ለማወቅ የምትመች ከተማ ናት። የማሮዲ ጄህ ወንዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ከተማዋን ሰሜንና ደቡብ አድርጎ ይከፍላታል። ናሳ ሃብሎድ የሚባሉት ሁለት መንትያ ኮረብታዎች በስተ ሰሜን ናቸው። አየር ማረፊያው ደቡብ ነው። ሦስቱን ከያዛችሁ ካሜራው ወዴት ቢዞር አትጠፉም።

መስጊድም ኮምፓስ ነው። መካ ከሐርጌሳ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ እዚህ መስጊድ ውስጥ ሰጋጁ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰሜን ግድም ነው፤ ሚህራቡ ያለበት ግድግዳ የሰሜኑ ግድግዳ ነው ማለት ነው። በአዲስ አበባም መካ ከሞላ ጎደል ሰሜን ናት። በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ጸሎት ደግሞ ፊት ወደ ምሥራቅ ነው። እምነቱ የየራሳችን ነው፤ ለአብራሪ ግን ሁለቱም አቅጣጫ ይነግሩታል።

ፀሐይን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይጠቀምባታል። በትምህርት ቤት «እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ነው፣ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» የተባለ ካለ፣ ያ ለአውሮፓ ነው። ሐርጌሳ በ9 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ 7 ገደማ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ ድረስ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሌላው ጊዜ ይገለበጣል። በእነዚያ ሁለት ቀናት አካባቢ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ጥላ የሚባል ነገር አይኖርም። ለአዲስ አበባም ቀኑ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጠዋትና ማታ ግን ፀሐይ አታታልልም፤ ለመብረርም የተሻሉት ሰዓቶች እነሱ ናቸው፣ ነፋሱም ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ በጣታችሁ እያመለከታችሁ ለሚያግዛችሁ ሰው ንገሩት፦ «ሰሜን ያ ኮረብታ፣ ነፋሱ ከዚያ፣ ከፍተኛው የቴሌ ማማ ያኛው፣ እኛ እዚህ።» ጮክ ብሎ መናገሩ ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

አየር ላይ

መነሻ ቦታችሁ ከቆርቆሮ፣ ከመኪና፣ ብረት ካለው ኮንክሪት ራቅ ይበል። ድሮኑ ውስጥ ያለው ኮምፓስ ብረት አጠገብ ይሳሳታል፤ ካምፕ ውስጥ ደግሞ ከቆርቆሮ የራቀ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። አፑ ኮምፓስ አስተካክል ካለ ከዚያ ቦታ ፈቀቅ ብላችሁ አስተካክሉ።

ከዚያ ታገሡ። ድሮኑ በቂ ሳተላይት አግኝቶ መመለሻ ቦታውን መመዝገቡን አፑ ሲነግራችሁ ብቻ ተነሡ። ቸኩሎ የተነሣ ድሮን መመለሻውን አየር ላይ እያለ ሌላ ቦታ ሊመዘግብ ይችላል፤ «ና» ሲባል የሚመጣው ወደዚያ ነው። የመመለሻ ከፍታውንም በዚያው አስተካክሉ፦ በአካባቢው ካለው ረጅሙ ማማ ወይም ሕንፃ በላይ 20 ሜትር ያህል ይሁን። ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ በራሱ ወደዚያ ከፍታ ወጥቶ በቀጥታ መስመር ይመለሳል፤ ዝቅ ተደርጎ ከተቀመጠ በመንገዱ ያገኘውን ማማ ይመታል። በብዙ አገሮች የተፈቀደው ጣሪያ 120 ሜትር መሆኑንም አስታውሱ።

ወደ 30 ሜትር ከፍ በሉና ቁሙ። ዝም ብላችሁ በቀስታ አንድ ዙር አዙሩት፤ ወንዙን፣ ኮረብታዎቹን፣ አየር ማረፊያውን በስክሪኑ ላይ ለዩ። ከላይ ሲታይ ሁሉም ጣሪያ አንድ ነው፤ የካምፕ ድንኳን ደግሞ ጭራሽ አይለይም፣ ሁሉም ነጭ ሸራ ነው። ስለዚህ የቆማችሁበት ቦታ አጠገብ ደማቅ ቀለም ያለው ነገር ዘርጉ፤ ብርቱካንማ ሻርፕም ይሁን አሮጌ የአልጋ ልብስ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። «ግራ ገባኝ» የሚለው አማርኛችን ለድሮን አብራሪ የተፈጠረ ይመስላል። ድሮኑ ጀርባውን ሰጥቷችሁ ሲሄድ ቀኙ ቀኛችሁ ነው። ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ግን ቀኙ ግራችሁ ይሆናል፤ ዘንጉን ወደ ቀኝ ስትገፉ ወደ ግራችሁ ይሄዳል። ጀማሪ የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። ሲምታታባችሁ እልህ ውስጥ አትግቡ፤ ሁለቱንም ዘንጎች ልቀቁ። ጂፒኤስ ያለው ድሮን ዘንጉ ሲለቀቅ ባለበት ይቆማል። ከዚያ ጀርባውን እስኪሰጣችሁ አዙሩትና ቀጥሉ። በብዙዎቹ የዲጄአይ ሞዴሎች የፊት ክንዶች ላይ ያለው መብራት ቀይ ነው፤ ቀይ ካያችሁ ወደ እናንተ ዞሯል ማለት ነው።

ከዓይናችሁ ከራቀ ደግሞ ሰማይ ላይ አታፍጥጡ፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ጥግ ላይ ትንሽ ካርታ ወይም ክብ አለ፤ መመለሻ ቦታው በምልክት ይታያል፣ ድሮኑ ደግሞ ቀስት ነው፣ የቀስቱ ጫፍ ፊቱ የዞረበት ነው። ጫፉ ወደ መመለሻው እስኪያመለክት አዙሩት። ከዚያ በቀስታ ወደ ፊት ግፉና ርቀቱን የሚያሳየውን ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፦ 240፣ 225፣ 210 እያለ ከቀነሰ እየመጣ ነው። ከጨመረ እየሸሸ ነው፤ ልቀቁና እንደገና አዙሩ። ካርታው ግራጫ ቢሆንም፣ ድሮኑ ባይታይም ይህ ይሠራል። ከሁሉም በፊት መለማመድ ያለባችሁ ይህን ነው፤ 50 ሜትር ላይ፣ ጓደኛችሁ ድሮኑን እያየላችሁ፣ እናንተ ከስክሪኑ ሌላ ምንም ሳታዩ። ካልሆነላችሁ «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለውን ተጫኑ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ነፋስ የሚያጠፋው ድሮን ከአቅጣጫ መጥፋት አይተናነስም። ሐርጌሳ በክረምቱ ወራት ነፋሷ ኃይለኛ ነው፤ ከላይ ያለው ነፋስ ደግሞ መሬት ላይ ከሚሰማችሁ ይበልጣል። ስለዚህ ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋላችኋል። ተገላቢጦሹን ያደረገ ሰው በመመለሻው ባትሪ ያልቅበታል። በካርቶኑ ላይ «31 ደቂቃ» የሚለው ነፋስ በሌለበት የተለካ ነው። ባትሪው 30 ከመቶ ሲደርስ እናንተ ጋ መሆን አለበት።

ሙያው ወዴት ያደርሳል?

በአጭሩ፣ በር አለው። ማላዊ ከዩኒሴፍ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ካሱንጉ ላይ ከመሐሉ በየአቅጣጫው 40 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የሰብአዊ ድሮን መሞከሪያ ክልል ከፍታለች፤ በጥር 2020 ደግሞ ሊሎንግዌ ላይ ወጣት አፍሪካውያንን የሚያሠለጥን የድሮንና የመረጃ አካዳሚ ተከፍቷል። ዛሌካ ካምፕ ያላችሁ ወገኖች ከዚያው ከተማ ብዙ አትርቁም፤ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚጠየቀው ዘንግ ማንቀሳቀስ ብቻ አይደለም፤ ካርታ ማንበብም ነው። ያንን ደግሞ ድሮን ሳይኖራችሁ፣ በስልክና በኦፍላይን ካርታ፣ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ካወረዳችሁት በኋላ

ታብሌቱ ብዙ ያስታውሳል። የት እንደተነሣችሁ፣ በምን ሰዓት፣ በየት በኩል እንደሄዳችሁ፣ ሁሉም በአፑ የበረራ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። እያንዳንዱ ፎቶም የተነሣበትን ቦታ መለኪያ በውስጡ ይዟል። ለቱሪስት ምንም አይደለም። ካለበት ቦታ እንዲታወቅበት ለማይፈልግ ስደተኛ ግን አድራሻውን ጽፎ እንደ መለጠፍ ነው። ዋትሳፕ ወይም ቴሌግራም ላይ ፎቶውን እንደ ፎቶ ስትልኩት ይህ መረጃ ይራገፋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን አብሮ ይሄዳል። ርቀትና ካርታ የሚታይበትን የስክሪን ፎቶም አትለጥፉ። ሰው የሚኖርበትን ድንኳን፣ የውኃ ወረፋን፣ የእርዳታ መጋዘንን ከላይ አንሥቶ ቲክቶክ ላይ መጫን ደግሞ በጭራሽ አይሆንም።

ድሮኑ የቀጣሪ ከሆነ አፑ ውስጥ በቀጣሪው አካውንት ግቡ እንጂ በእናንተ ስምና ኢሜይል አትመዝገቡ፤ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ መዝገቡም በእሱ ስም ይሁን። ታብሌቱ የእናንተ ከሆነና ልትሸጡት ወይም ልትመልሱት ከሆነ፣ መጀመሪያ ከአካውንቱ ውጡ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መልሱት። ሜሞሪ ካርዱ በድሮኑ ጎን ቀዳዳ ውስጥ ስለሚቀር ይረሳል፤ አውጥታችሁ በእጃችሁ ለባለቤቱ አስረክቡት።